የአዴ ጋዲሴ ደረጃ

አዴ ጋዲሴ በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ከቤታቸው ተባረርኩ። ለድንኳኑ ውሃ ላመጣ ሄጄ ስመለስ ፍራሼና ሳጥኔ ጓሮ ተጥለዋል፤ በሩ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ያስወጣኝ የወንድማቸው ልጅ ቶሌራ ነው። «ተከራይ ነህ፤ ያከራየችህ ሞታለች» አለኝ፣ አለቀ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እያየ ነው። አንድም ሰው «ምን አጠፋ?» አላለም።

በደሌ ይኼ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ አሳምሮ መጻፍ ላይ አልደረስኩም። የሆነውን እጽፋለሁ፤ ማሳመር የሚፈልግ ሌላ ያንብብ። ግን ስለ አዴ ጋዲሴ፣ አዴ እናት እንደማለት ነው፣ ሳልናገር በደሌን ብቻ ብናገር የሚገባው ሰው የለም። ነቀምት ውስጥ የሚከራይ ክፍል ሞልቶ ይኼ ሽማግሌ ምን ያንገበግበዋል ይባላል። ተብሏልም።

ቤቱን መጀመሪያ ያየሁት ከጭነት ላይ ሆኜ ነው። ሥራዬ ጫኝና አውራጅ ነው። መኪናው ሞልቶ ሲሄድ የእኛ ወንበር የጆንያው አናት ነው። ከድሮው ቤተ መንግሥት በታች ባለው ቁልቁለት መንገዱ ይጠባል፣ አይሱዙው እያቃሰተ ይንፏቀቃል። እዚያ ሰፈር ያሉት የድሮ ነጋዴዎች የሠሯቸው ባለ ፎቅ ጭቃ ቤቶች ናቸው፤ ቆርቆሯቸው ዝጎ ቡና መስሏል፣ በረንዳቸው እንጨት ነው። ምድር ላይ የሚሄድ ሰው አንጋጦ የሚያየው በረንዳ ለእኔ ከጆንያው ላይ ፊት ለፊት መጣ። አንዲት ቀጭን ረጅም ሴትዮ በአሮጌ ጣሳ የተተከለ አበባ ያጠጣሉ። እጄን ብዘረጋ እነካቸዋለሁ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ?» አሉኝ። እንዴት አደርክ ልጄ ማለታቸው ነው።

አፌን ሳልከፍት መኪናው አለፈ። ለጫኝ እንዴት አደርክ የሚል የለም። «ቶሎ በል፣ ወዲያ በል» ነው ሰላምታችን። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ ተጭኖ አንገር ጉቲን የሰፈረ ሰው ነው፤ እዚያው አርሶ እዚያው ተቀበረ። እኔ አገርህ የት ነው ሲሉኝ መልስ የለኝም። ወሎ እንዳልል አላውቀውም፣ ወለጋ እንዳልል አነጋገሬን ሰምተው ይስቃሉ። ታዲያ አንዲት የማላውቃቸው ሴትዮ ከፎቅ ላይ ልጄ ሲሉኝ ደነገጥኩ እንጂ ደስ አላለኝም። ደስ ያለኝ ማታ ሳስበው ነው።

በሳምንቱ ደላላውን በቀለን ያዝኩና «ያን ቤት» አልኩት።

«አብደሃል? ላይኛውን ክፍል ለመንግሥት ሠራተኛ ከልክላለች። ለጫኝ ልትሰጥ ነው?»

«ጠይቅ፤ አፍህ አይቆረስም።»

ሄድን። ሌላ ቦታ ያከራየኝም የከለከለኝም ሰው የሚጠይቀው አንድ ዓይነት ነበር፦ ሚስት አለህ? ውሃ ታበዛለህ? ከወዴት ነህ? ከመጨረሻው ጥያቄ በኋላ ቤቱ ወዲያው «ተይዟል» ይሆናል። አዴ ጋዲሴ ግን ጓሮ በርጩማ ሰጡኝና ቀለበታቸውን በእንጨቱ ምሰሶ ላይ ጠቅ ጠቅ አደረጉ። ቁም ነገር ሊናገሩ ሲሉ እንዲህ ያደርጉ ነበር።

«ታኮርፋለህ?» አሉኝ።

በቀለ ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ፤ አላኮርፍም በል ነው።

«አኮርፋለሁ» አልኩ።

«እስከ መቼ?»

«እስኪወጣልኝ።»

«ጥሩ። እኔም አኩራፊ ነኝ። አላኮርፍም የሚል ሰው ያስፈራኛል፤ ቂሙን የት እንደሚያስቀምጠው አይታወቅም።» ተነሡና ደረጃውን አሳዩኝ።

ደረጃው ከጓሮ ተነሥቶ በውጭ በኩል ወደ በረንዳው የሚወጣ የዋንዛ ሳንቃ ነው፤ ሁለት ሰው አያሳልፍም። አያታቸው ቡናና ማር ነጋዴ ነበሩ፤ ከገዛ ወንድማቸው ጋር አንድ ቤት ይኖሩ ነበር፤ ሲጣሉ ይውላሉ። ታዲያ ቤቱን ሲሠሩ ደረጃውን ሆን ብለው አጠበቡት። ሕጉ እንዲህ ነው። የሚወጣው ሰው ታች ይቆምና «ነጋ ዳ?» ይላል፤ ሰላም ነው? ነው። ላይ ያለው «ነጋ» ብሎ ካልመለሰለት አይወጣም። ከመለሰለት ጠቡ እዚያው ቀረ፤ ይዞት መውጣት የለም።

«ደረጃው የጠበበው አያቴ እንጨት አጥቶ አይደለም» አሉኝ። «መሬት ላይ የፈለግኸውን ሁን፤ ተሳደብ፣ አኩርፍ። ቂም ይዞ ይኼን ሳንቃ የረገጠ ግን እስከ ዛሬ የለም።»

እኔ በሆዴ የአሮጊት ጨዋታ ነው አልኩ። ገባሁ።

ክፍሉ ምን ይመስል ነበር ብትሉኝ፣ ወለሉ ሳንቃ ነው፤ ስትራመድ ያወራል። መስኮቱ በሁለት በኩል ይከፈታል፤ በአንዱ የባሕር ዛፉን ኮረብታ፣ በአንዱ ገበያውን ያሳያል። ዝናብ ሲመጣ ከተማው ላይ ሲራመድ ከሩቅ ታየዋለህ፤ እቃ ለማስገባት ጊዜ ይሰጥሃል። ዕድሜዬን ሙሉ ዝናብ ድንገት ነበር የሚመታኝ።

የተጣላነው በፊደል ነው። ማዶ የሸምሱ ሱቅ አለ፤ ሸምሱ ጉራጌ ነው፣ ሆዱ ሰፊ፣ ምላሱ ረጅም። አንድ ቀን ለእሱ ጭነት ሳራግፍ አዴ ጋዲሴ ከበረንዳ ሆነው «ይመር፣ ጆንያው ላይ ምን ተጽፏል?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ክብደቱን ነው የማውቀው።»

«ምን እንደተሸከመ የማያውቅ አህያ ብቻ ነው።»

ሰው ሰማ። ጓደኞቼ ሳቁ። ጆንያውን ወርውሬ ጓሮ ገባሁና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መውጣት አልችልም፤ ለመውጣት «ነጋ ዳ» ማለት ነው፣ እኔ ደግሞ ብሞት አልለውም። እሳቸው ላይ ናቸው፣ እኔ ታች ነኝ። ዝናቡ መጣ።

«ማሎ፣ እባክህ ነጋ ዳ በል እንጂ! ትበሰብሳለህ!»

«አንቱ ይበሉ ነጋ!»

«ሳልጠየቅ ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

ሸምሱ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ በሳቅ ሊሞት ነው። «ይመር፣ ሳሙና ልወርውርልህ?» ይለኛል። በመጨረሻ ጥርሴ እየተንገጫገጨ «ነጋ ዳ?» አልኩ።

«ነጋ! አህያ ስላልኩህ ይቅር በለኝ። አህያ እኮ ሲዘንብ ይጠለላል» አሉኝ።

ደረቅ ጋቢ አልብሰውኝ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። በዚያው ሰሞን የጎልማሶች ትምህርት አስገቡኝ። ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ ሆነን የሱቆቹን ማስታወቂያ ያስነብቡኛል። ስሳሳት አያርሙኝም፤ ዝም ብለው ቀለበታቸውን መደገፊያው እንጨት ላይ ጠቅ ያደርጋሉ። ያ እንጨት ከብዛቱ ጎድጉዷል። መጀመሪያ በትክክል ያነበብኩት ቃል «ምስማር» ነው። እሳቸው ግን የዳዊት መዝሙር ያነበብኩ ያህል አጨበጨቡ።

እኔ እስላም ነኝ፣ እሳቸው የወንጌል አማኝ ናቸው። ለገና ሁለት ዶሮ ይገዙ ነበር። ቢላዋ ይሰጡኝና «ያንተን በቢስሚላህ እረድ፤ የእኔን የእኛ ሰዎች በጸሎት ያርዱልኛል። በሁለት ድስት ይሠራል። ቅመሙ ግን አንድ ነው፤ የእኔ እጅ ነው» ይሉኛል። ለዒድ ደግሞ እኔ ከሶላት ከመመለሴ በፊት በረንዳውን አጥበው ይጠብቁኛል። ይኼን ያደረጉት ሰው እንዲያይላቸው አይደለም፤ የሚያይ አልነበረም።

አንድ ጊዜ የስሚንቶ ከረጢት እግሬ ላይ ወደቀ። ያን ክረምት በሙሉ አንጮቴ አበሉኝ። አንጮቴ በእኛ አገር ጓሮ የሚተከል ሥር ነው፤ አጥንት ይጠግናል ይባላል። በቅቤ እያሹ ጠዋትም አንጮቴ፣ ማታም አንጮቴ። «አንቱ፣ እግሬ ድኗል፣ የታመመው ሆዴ ነው» ስላቸው አይሰሙም። ሥሩን ራሳቸው ነበሩ የሚቆፍሩት። «አየህ ይመሬ፣ ይኼ ካልፈለጉት አይወጣም። ዓመት ቢያቆዩትም እመሬት ውስጥ ቁጭ ብሎ ይወፍራል እንጂ አያኮርፍም። ከእሱ ተማር» ይሉኝ ነበር።

ቶሌራ ያኔም ነበር። አባቱ ሲሞት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አዳዳ ይላቸዋል፤ የአባት እኅት ማለት ነው። ጊምቢ አስተማሪ ሆኖ ሚስት አግብቶ ልጆች ወልዷል። ለበዓል ሲመጣ ሻንጣውን ይዞ ከደረጃው ሥር ይቆምና «ነጋ ዳ፣ ጋሼ ይመር?» ይለኝ ነበር። ሻንጣውን የማወጣለት እኔ ነኝ። ጥሩ ልጅ ነበር። በደለኝ ብዬ ይኼን አልክድም።

አዴ ጋዲሴ የታመሙት መስከረም ውስጥ ነው። መጀመሪያ አበባ ማጠጣቱን ለእኔ ተውት። ከዚያ ደረጃውን መውረድ ተዉ። ሐኪም ቤት ወስጃቸው ተመለስን፤ ሐኪሙ ዕድሜ ነው አለ።

«ቶሌራን ልጥራው?» አልኳቸው።

ቀለበታቸውን እንጨቱ ላይ ጠቅ አደረጉ። «አትጥራው።»

«ለምን?»

«መንገዱ አላማረኝም።»

ያን ሰሞን መንገዱ ጥሩ አልነበረም፤ የወጣ ሁሉ አይመለስም። ወለጋ የኖረ ሰው ይኼን ሲያነብ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም።

«እኔ ጨርሻለሁ፣ እሱ ልጆች አሉት። እኔን ሊያይ ብሎ መንገድ ላይ ቢቀር አባቱን በምን ፊቴ አየዋለሁ?»

«በኋላ ለምን አልጠራኸኝም ብሎ ቢቆጣኝስ?»

«ይቆጣህ። ሸክም የለመደ ትከሻ አለህ።» እጄን ያዙ። «ደግሞ ለእሱ ብዬ እንደሆነ አትንገረው። አክስቴ ለእኔ ሰግታ ሳታየኝ ሞተች ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ይሸከመዋል። ቃል ግባልኝ።»

ቃል ገባሁ። ዛሬ የምጽፈው የሚደበቅ ስላልቀረ ነው።

የሞቱት ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ማስታወቂያ አንብብልኝ አሉኝ፤ ሁሉንም ደጋግሜ አነበብኩ። አዲስ የተሰቀለ አንድ ነበር፤ እሱ ላይ ተሳሳትኩ። ጠቅ ያደርጋሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላደረጉም። ዞሬ ሳያቸው ሄደዋል።

ለቶሌራ ያኔ ደወልኩ። በማግሥቱ ደረሰ። እንዳይመጣ መንገዱ የተፈራለት ልጅ ብቻውን በሞተር ሳይክል መጣ፤ ፊቱ አቧራ ለብሷል። «ታማ ነበር?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። «ከመቼ ጀምሮ?» «ከመስከረም ጀምሮ።» አየኝ። ከዚያ በኋላ ጋሼ አላለኝም። በሦስተኛው ቀን ፍራሼ ጓሮ ተጣለ።

ሸምሱ የሱቁን መጋዘን ጥግ ሰጠኝ። «ሽማግሌ እንላክ» አለ። ተላከ። የሰፈሩ ጃርሳዎች፣ እነሱን የሚያህል ሽማግሌ የለም፣ እዚያው ጓሮ ከአንጮቴው መደብ አጠገብ ተቀመጡ። መርቀው ጀመሩ። ቶሌራን ጠየቁት።

«ያሳደገችኝ ሰው ስትሞት ያልጠራኝ ሰው ነው» አለ። «ስልክ ነበረው። አፍ ነበረው። እንድታየኝ አልፈለገም። ምናልባት ቤቱን ተናዝዛ እንድትሰጠው ይጠብቅ ነበር፣ እኔ ምን አውቃለሁ?»

ወደ እኔ ዞሩ። «ይመር፣ ልጁ የሚለው እውነት ነው? አልጠራኸውም?»

«አልጠራሁትም።»

«ለምን?»

ሸምሱ በክርኑ ጎሰመኝ። ነገሩን እሱም አያውቅም፤ ግን ምላሴን ያውቃል፤ አንድ ነገር የምል መስሎታል።

«አልጠራሁትም» አልኩ ደግሜ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። መልስ ለሌለው ሰው ምን ይፈርዳሉ? ቤቱ የቶሌራ ነው አሉ። ትክክል ፈረዱ። በትክክል የተፈረደ በደል ከሌላው ይልቅ ያማል፤ የሚሰደብ ሰው የለውም።

ከዚያ በኋላ ነው ደረጃው ላይ መቀመጥ የጀመርኩት። አስቤ አይደለም። ከሥራ ስወጣ እግሬ ለምዶ ወደዚያ ወሰደኝ። ውጣ የሚለኝ አልነበረም፤ አንጮቴውን የማርመው እኔ ነኝ፣ ግቢው ያውቀኛል። ሦስተኛው ሳንቃ ላይ ቁጭ አልኩ። በሚቀጥለውም ቀን። በሚቀጥለውም። ቶሌራ ታች ቤት ነበር ያረፈው፤ ያየኛል፣ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል። ወደ ላይ አይወጣም። ያኔ ገባኝ። እቃዬን ያወጣው እኔ ውሃ ልቀዳ በሄድኩ ጊዜ ነው። እኔ ደረጃው ላይ ብሆን «ነጋ ዳ» ሳይል ማለፍ አይችልም ነበር።

አንድ ቀን ባለከረባት ሰው ይዞ መጣ። ላይኛውን ክፍል ለቢሮ ሊያከራየው ነው። ደላላው ማን ይመስላችኋል? በቀለ።

«ተነስ» አለኝ ቶሌራ።

«እለፍ።»

«ተነስ አልኩህ!»

«እግሬን ሰብስቤያለሁ፤ ቀጭን ነህ፣ እለፍ።»

ባለከረባቱ «ሰውየው እኮ ቦታ ለቋል፤ በጎን እንለፍ» አለ። በቀለ እግሩን ወደ መጀመሪያው ሳንቃ አነሣ። ቶሌራ ኮቱን ከኋላ ጨምድዶ ያዘውና «አይሆንም!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ እሱን ራሱን አስደነገጠው።

«ምኑ ነው የማይሆነው?» አለ ባለከረባቱ። «ቤቱ ክርክር አለበት እንዴ?»

«የለበትም።»

«ታዲያ ለምን አንወጣም?»

ቶሌራ ምን ይበል? በከረባት ለመጣ ሰው ይኼ እንዴት ይነገራል? ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሸምሱ ከማዶ «ነጋ ዳ በሉት፣ ይነሣላችኋል!» ብሎ ተጣራ። ግቢው ሁሉ ሳቀ። ባለከረባቱ ሰዓቱን አይቶ ሄደ፤ በቀለም እያጉረመረመ ተከተለው። እኔና ቶሌራ ቀረን። አልሳቅሁም። ሕጉ የአሮጊት ጨዋታ ነው ብዬ የገባሁበት ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ሕጉን ሲጠብቅ አየሁ። እሱም ያባረረኝ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሥራ አልገባሁም። ደረጃው ላይ ነበርኩ። ከታች ቤት ወጣና ከፊቴ ቆመ። እንቅልፍ ያላገኘው ዓይን ነው ያለው። ቁልፉን ጨብጦታል።

«ምላስህ ለማንም አይመለስም» አለኝ። «አዳዳን እንኳ ፊት ለፊት ትመልስላት ነበር። ሽማግሌ ፊት ግን አንዲት ቃል ብቻ ተናግረህ ቤቱን ተውክ። ለምን?»

ከሳንቃው ላይ ቅጠል አንሥቼ ጣልኩ።

«እሷ ነች አትጥራው ያለችህ።»

አንጮቴውን ተመለከትኩ።

«መንገዱን ፈርታ ነው።» አሁን እየጠየቀኝ አልነበረም። «ለእኔ ብላ ነው። አትንገረውም ብላሃለች።»

የምለው አጣሁ ማለት አልችልም፤ የምለው ሞልቶኝ ነበር። ቃሌን ግን ጠበቅሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ስመልስ የኖርኩ ሰው ያኔ አለመመለሴ ራሱ መልስ ሆነበት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ከታችኛው ሳንቃ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠና ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ አለቀሰ። አላባበልኩትም። አላስነሣሁትም። እኔም እንደተቀመጥኩ አብሬው ቆየሁ።

ቆይቶ ተነሣ። ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። ከደረጃው ሥር ቆመ፣ ልክ በልጅነቱ እንዳስተማሩት፣ ቁልፉን በመዳፉ ላይ ዘርግቶ።

«ነጋ ዳ፣ ጋሼ?» አለኝ።

መልሱ ከእኔ ይጠበቃል። ፍራሼን ዝናብ መትቶታል። ተከራይ ነህ ብሎኛል። በሰው ፊት ውርስ ጠባቂ ብሎኛል። ይኼን ሁሉ ይዤ ብናገር ማንም አይፈርድብኝም። ቀና ስል መደገፊያው እንጨት ላይ ቀለበታቸው ያጎደጎደው ቦታ ከተቀመጥኩበት ይታያል። ሊያርሙኝ ሲሉ የሚነኩት ቦታ ነው።

«ነጋ» አልኩት።

ቁልፉን ተቀበልኩና ቀድሜው ወጣሁ። ጥቅምት ሃያ ሰባት፣ ሐሙስ ጠዋት ነበር።